ስድስት ጎጥ፣ 600 ግልገል፦ ናሙናዬ ይበቃል?

የመሐል ሜዳዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። መንዝ ውስጥ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ፤ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ፕሮፖዛሌ ግን የናሙና መጠን ላይ ተቸክሎ ቀረ። የገባችሁ ካላችሁ አግዙኝ።

ጉዳዬ የግልገል ሞት ነው። አምና ሐምሌ ላይ ገና ሳይነጋ አንድ ቤት ጠሩኝ። እማወራዋ ግልገሉን በአሮጌ ባና ጠቅልለው ምድጃ ዳር አስቀምጠውታል። ጣቴን አፉ ውስጥ ከተትኩ፤ በረዶ ነው። መጥባት ካቆመ ቆይቷል። እናቲቱን ባያት አጥንቷ ይቆጠራል። ጡቷን ባልበው ጠብታ ነው የወጣው። መንትያው ሌሊቱን ሞቷል። «እንገር ጠብቶ ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «በጨለማ ማን ያያል ልጄ» አሉኝ። ያ ግልገልም ረፋድ ላይ ሞተ። እኔም ያን ቀን ነው ርዕሴን የቆረጥኩት።

ልሞክር ያሰብኩት ነገር ቀላል ነው። እርጉዝ በጎች ከመውለዳቸው በፊት የትል መድኃኒት ይወስዳሉ። ባለቤቶቹ ደግሞ ግልገሉ በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እንገር እንዲጠባ እንዲያደርጉ፣ ሌሊትም ደረቅና ሙቅ ጥግ እንዲያዘጋጁለት እናስተምራለን። ውጤቱ የሚለካው እስከ 3 ወር ድረስ ስንቱ ሞተ በሚል ነው።

ዕጣውን በቤት ማውጣት አልቻልኩም። አንዷን ብናስተምር ማታውኑ ለጎረቤቷ ትነግራለች፤ ደግሞም ብትነግራት ደስ ነው የሚለኝ። ስለዚህ ዕጣው በጎጥ ነው፤ ሦስት ጎጥ ይህን ያገኛል፣ ሦስት ጎጥ እንደተለመደው ይቀጥላል፤ ጥናቱ ሲያልቅ እነሱም ያገኛሉ።

ስሌቴ እንዲህ ነው። እንደተለመደው ቢቀጥል ከመቶው 30 ይሞታል ብዬ ያዝኩ። በእኛ ሥራ ወደ 20 ቢወርድ ትልቅ ነገር ነው። ለ5 በመቶ ስህተትና ለ80 በመቶ ፓወር (ልዩነቱ በእርግጥ ካለ ጥናቱ የማግኘት ዕድሉ ማለት ነው) በቀመሩ ሠራሁት፦ 7.84 × (0.3 × 0.7 + 0.2 × 0.8) ÷ 0.01። በየቡድኑ 291 ግልገል ወጣ። ስለዚህ ከየጎጡ 100፣ በድምሩ 600 አልኩ።

አንድ አስተያየት የሰጠኝ ሰው «ክላስተር ስለሆነ (ዕጣው በግለሰብ ሳይሆን በቡድን ስለሆነ ማለቱ ነው) በ2 አባዢው» አለኝ። ከየጎጡ 200 ልወስድ ማለት ነው። 2 ለምን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። እኔ ደግሞ ያልገባኝን ቁጥር ፕሮፖዛል ላይ መጻፍ ይከብደኛል። 2 ከየት መጣ? 1,200 ግልገልስ በእርግጥ ይበቃል? ሌላም አለ፤ ከሞቱት ጋር የሚጠፋውን 40 በመቶ ብዬ ልጨምር ወይ?

ስሌት ከደብረ ብርሃን

እህቴ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው። መልሱ ግን ደስ አይልም፤ አይበቃም። 2,000 ግልገል ብትወስጂም አይበቃም። ለምን እንደሆነ በራስሽ ቁጥር ላሳይሽ።

የአንድ ጎጥ ግልገሎች ይመሳሰላሉ። አንድ ሜዳ ላይ ይግጣሉ፣ አንድ ብርድ ይመታቸዋል፣ ባለቤቶቻቸውም እርስ በርስ ይማማራሉ። ስለዚህ ከአንድ ጎጥ መቶኛው ግልገል የሚነግርሽ አዲስ ነገር ጥቂት ነው። ይህን መመሳሰል የምንለካው አይሲሲ በምንለው ቁጥር ነው። ዜሮ ከሆነ መመሳሰል የለም። 1 ከሆነ የአንዱ ጎጥ ግልገሎች ሁሉ አንድ ዕጣ አላቸው ማለት ነው።

ቀመሩ ይኸው፦ ዲዛይን ኢፌክት = 1 + (መ − 1) × አይሲሲ። መ ማለት ከአንድ ጎጥ የምትወስጃቸው ግልገሎች ብዛት ነው። ዲዛይን ኢፌክት ደግሞ በመመሳሰሉ ምክንያት ናሙናሽ በስንት እጥፍ ማደግ እንዳለበት ይነግርሻል።

ለጊዜው አይሲሲን 0.05 እንበል። መ 100 ሲሆን 1 + 99 × 0.05 = 5.95 ይመጣል። በየቡድኑ የያዝሻቸው 300 ግልገሎች ለ5.95 ሲካፈሉ 50 ናቸው። 300 ቆጥረሽ የ50 መረጃ ነው የያዝሽው። ፓወርሽም 80 ሳይሆን 21 በመቶ አካባቢ ነው።

አሁን በምክሩ መሠረት ከየጎጡ 200 ውሰጂ። ዲዛይን ኢፌክቱ 10.95 ይሆናል። 600 ÷ 10.95 = 55 ገደማ። ፓወሩ 23 በመቶ። ስድስት መቶ ግልገል ጨምረሽ፣ ስንት ቀን ተራራ ወጥተሽ፣ ያገኘሽው ሁለት ነጥብ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ሰው ይለፋል፣ ገበሬው ጊዜውን ይሰጣል፣ መልስ ግን አይገኝም።

2 የመጣው እንዲህ ነው። የክትባት ሽፋን ለመለካት 30 ክላስተር ተመርጦ ከእያንዳንዱ 7 ሕፃን የሚወሰድበት የታወቀ ዘዴ ነበር። እዚያ ላይ ዲዛይን ኢፌክት 2 ተብሎ ተያዘ። ለ7 ሕፃን! ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከቴሲስ ወደ ቴሲስ ሲገለበጥ ኖረ። ከአንድ ጎጥ 200 ወስደሽ 2 ማለት አይሲሲ 0.005 ነው ማለት ነው። አንድ ሜዳ ላይ ለሚግጡ በጎች ይህን ማመን ይከብዳል።

ከዚህ የምትይዢው ዋና ነገር፦ 291ን በ0.05 አባዢ። 14.55። በየቡድኑ ቢያንስ 15 ጎጥ ከሌለሽ፣ የፈለግሽውን ያህል ግልገል ብትቆጥሪ 80 በመቶ አትደርሺም። መሬቱ እዚያ ያልቃል። ከየጎጡ 20 ብትወስጂ በየቡድኑ 29 ጎጥ፣ 30 ብትወስጂ 24፣ 40 ብትወስጂ 22፣ 100 ብትወስጂ 18 ያስፈልግሻል። እኔ ብሆን 30ን እመርጣለሁ። ከዚያ በላይ የምትቆጥሪው ግልገል ብዙ ድካም፣ ትንሽ ትርፍ ነው።

ሦስት ለሦስት ደግሞ ሌላም ችግር አለበት። ስድስት ጎጥን ሦስት ሦስት አድርጎ መክፈያው መንገድ 20 ብቻ ነው። መድኃኒቱ ተአምር ቢሠራ እንኳ፣ ዕጣውን ራሱን መሠረት አድርገሽ ስትፈትኚ በሁለቱም አቅጣጫ የምታገኚው ትንሹ ፒ ቫልዩ (መድኃኒቱ ምንም ባይሠራ እንኳ ይህን የሚያህል ልዩነት በዕድል ብቻ የመምጣቱ ዕድል) 2 ለ20 ነው፤ 0.1። 0.05 በሩን አይከፍትልሽም።

የሚጠፋውን በተመለከተ፦ የሞተ ግልገል ጠፋ አይባልም። እሱ ውጤትሽ ነው። የጠፋ የሚባለው የተሸጠ፣ የታረደ፣ በስጦታ ወደ ሌላ ቀበሌ የሄደ ነው። እሱን 10 በመቶ ብትይ፣ 30 ለማስቀረት 34 መመዝገብ ነው።

የመሐል ሜዳዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። 300 ቆጥሬ 50 መሆኑ ልቤን ሰበረው፤ ግን አሁን ገባኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። 0.05ን ከየት አመጣዋለሁ? በእኛ በጎች ላይ የተሠራ ቁጥር አላገኘሁም። በእጄ ያለው የራሴ ደብተር ነው። በ11 ጎጥ፣ በአማካይ ከየጎጡ 30 ገደማ ግልገል፣ የሞተውንና የተረፈውን ጽፌ ይዣለሁ። ዝቅተኛው ጎጥ ከ8 አንድ ገደማ ሞቶበታል። ከፍተኛው ግማሽ ሊሞላ ምንም አልቀረው። ይህ ይጠቅማል?

ስሌት ከደብረ ብርሃን

ይጠቅማል እንጂ! ደብተርሽ ወርቅ ነው።

አይሲሲ የሚሉት ሲሰማ ያስፈራል፤ ወደ ሜዳ ሲወርድ ግን አንድ ቀላል ጥያቄ ነው፦ ጎጦቹ እርስ በርስ ምን ያህል ይለያያሉ? አማካዩ 30 በመቶ ሆኖ አይሲሲ 0.05 ከሆነ፣ የጎጦቹ እውነተኛ የሞት መጠን ከአማካዩ የሚርቀው በተለመደው 10 ነጥብ ያህል ነው። ማለትም አብዛኞቹ ጎጦች ከ10 እስከ 50 በመቶ ባለው ውስጥ ይገኛሉ። «ኧረ በእኛ አገር ሁሉም ከ20 እስከ 40 መካከል ነው» ብትዪኝ ኖሮ፣ አይሲሲው 0.012 ገደማ ይሆናል፤ ያኔ በ30 ግልገል በየቡድኑ 14 ጎጥ ይበቃሽ ነበር። ገበሬውም ይህን ጥያቄ ይመልስልሻል።

ደብተሩን ስትጠቀሚ ግን ተጠንቀቂ። የምታይው ልዩነት ሁሉ የጎጥ ልዩነት አይደለም። ከ30 ግልገል ላይ ዕድል ብቻውን መጠኑን 8 ነጥብ ያህል ያወዛውዘዋል። እሱን መቀነስ አለብሽ። የ11ዱን ጎጦች መጠን ስታንዳርድ ዴቪዬሽን (ከአማካያቸው በተለመደው ምን ያህል እንደሚርቁ) አውጪና ላኪልኝ።

የመሐል ሜዳዋ

አወጣሁት። 12 ነጥብ መጣ።

ስሌት ከደብረ ብርሃን

0.12 በራሱ ሲባዛ 0.0144። ከዚህ የዕድሉን 0.007 ቀንሺ፤ 0.21 ÷ 30 ነው እሱ። 0.0074 ይቀራል። ለ0.21 ሲካፈል 0.035። የአንቺ አይሲሲ በደብተርሽ መሠረት 0.035 ገደማ ነው።

ግን 11 ጎጥ ጥቂት ነው፤ ቁጥሩ ወዲያና ወዲህ ይላል። ስለዚህ በ0.05 አስይዢ። ፕሮፖዛሉ ላይ 0.02 ቢሆን በየቡድኑ 16፣ 0.05 ቢሆን 24፣ 0.1 ቢሆን 38 ጎጥ ብለሽ ሦስቱንም ጻፊ። የሚያነብሽ ሰው የት ላይ እንደቆምሽ ያያል። በመጨረሻ ስትጨርሺ ደግሞ ያገኘሽውን አይሲሲ አትሚው። ቀጥሎ የሚመጣው ተማሪ እንዳንቺ አይጉላላ።

ደብረ ሲና ላይ ያለሁት

ይህን ሳነብ የራሴ ነገር ትዝ አለኝና ልጻፍ። እኔ የሠራሁት በትምህርት ቤት ነበር። አራት ትምህርት ቤት፣ 800 ተማሪ፣ ስለ እጅ መታጠብ። ፒ ቫልዩዬ ከ0.001 በታች መጥቶ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ከአዲስ አበባ ስመለስ እዚህ ወርጄ ለቤተሰብ ሁለት ኪሎ ቆሎ ገዝቼ ገባሁ፤ ጨረስኩ ብዬ።

ዲፌንስ ላይ አንድ መምህር «የትምህርት ቤቱን መመሳሰል የት አስገባኸው?» አሉኝ። አላስገባሁትም። ተማሪን በተማሪ ነው ያነጻጸርኩት። በትምህርት ቤት ሳሰላው ምንም አልቀረም። አንደኛው ትምህርት ቤት ቀድሞም ውሃ ነበረው፤ ልዩነቱ እሱ ነበር። ስምንት ወር ነው የሄደው። ጀሮም ኮርንፊልድ የሚባል የስታቲስቲክስ ሊቅ በ1978 እ.ኤ.አ. በቡድን ዕጣ አውጥቶ በግለሰብ መተንተን ራስን ማታለል እንደሆነ ጽፎ እንደነበር ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው።

እህቴ፣ የናሙናውን ብቻ ሳይሆን ትንተናውንም አሁኑኑ ጻፊው። የየጎጡን የሞት መጠን አውጥተሽ፣ ጎጥን ከጎጥ በቲ ቴስት (የሁለት ቡድን አማካይ ማነጻጸሪያ ነው) ማነጻጸር ይበቃሻል። ቀላል ነው፤ ማንም ሲጠይቅሽ ታስረጂዋለሽ።

የጓሳ ልጅ

ልጄ፣ እኔ ስሌቱን አላውቀውም። በግብርና ልማት ሠራተኝነት ሃያ ስድስት ዓመት መንዝን በእግሬ ዞሬዋለሁ። አሁን ጡረታ ላይ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ።

ጎጥ ጎጥ ስትሉ ሰማሁ። በጉ ጎጥ አያውቅም። በጉ የሚያውቀው ግጦሽ ነው።

ሁለት ጎጥ በወንዝ ማዶና ማዶ ሆኖ አንድ ሜዳ ላይ የሚያገናኝ ስንት አለ! ጠዋት እረኞቹ ከየጉረኗቸው ያወጣሉ፤ አራት ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ አንድ መንጋ ነው። እረኞቹም ገና ሲጫወቱ አብረው ናቸው። የአንዱን ጎጥ በግ መድኃኒት አጠጥተሽ የሌላውን ብትተዪ፣ ያልጠጣው በግ ትሉን ሜዳው ላይ ይዘራዋል፤ የጠጣው መልሶ ይግጠዋል። ወሬውስ? እረኞቹ በአንድ ቀን ያዳርሱታል። ያኔ የአንቺ ዕጣ ምን ለየ?

ስለዚህ ሜዳውን ቁጠሪ። አንድ ሜዳ ላይ የሚግጥ ሁሉ አንድ ይሁን። ይህን ደግሞ ሊቀመንበሩን አትጠይቂ፣ ካርታም አታስቀድሚ። እረኛውን ጠይቂ። «ቀትር ላይ ከማን በግ ጋር ትገናኛላችሁ?» በዪው። ዝናቡ ሲበዛ የት፣ ደረቁ ሲመጣ የት እንደሚሄዱም ጠይቂ፤ ይለያያል።

ሁለተኛ፣ ረግረጉን ከደረቁ ለይ። ረግረግ ሜዳ ቀንድ አውጣ አለው፤ የጉበት ትሉ የሚራባው በእሱ ነው። እዚያ ያለ እናት በግ ክረምት ከወጣ በኋላ መንጋጋው ሥር ያብጣል፤ ወተቱም የለም። ዕጣው ሲወጣ ረግረጉ ሁሉ በአንድ በኩል ቢወድቅብሽ፣ መድኃኒቱ ሠራ ትያለሽ፤ የሠራው ግን ደረቁ መሬት ነው።

ስሌት ከደብረ ብርሃን

ጋሼ፣ እኔ በስሌት ያላየሁትን እርስዎ በእግርዎ አዩት። አመሰግናለሁ። የሚሉት ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው። ክላስተሩ ግጦሹ ነው። ረግረጉንና ደረቁንም ለይቶ በየውስጣቸው ለየብቻ ዕጣ ማውጣት ነው፤ ስንተነትንም ያንኑ እናስገባዋለን። ፓወርም ይጨምርልናል።

እህቴ፣ ጎጦችሽን በግጦሽ ስታዋህጂ ስንት ይቀርሻል?

የመሐል ሜዳዋ

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ዘጠኝ ዓመት እዚያ ሜዳ ላይ ስመላለስ ይህን አለማሰቤ ገርሞኛል። ያቺ በባና የጠቀለሉት እናት ቤት እንኳ በጎቻቸው ማዶ ካለው ጎጥ ጋር ነው የሚውሉት፤ በዓይኔ አይቻለሁ።

ሁለት ሳምንት ዞርኩ። እረኞቹን ልክ እንዳሉኝ ጠየቅኳቸው። አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ መሬት ላይ በዱላው ሜዳዎቹን ሥሎ አሳየኝ፤ የትኛው በግ በየት በኩል እንደሚመጣ፣ የትኛው ሜዳ ለፋሲካ እንደሚከለል። ስልኬ ላይ ፎቶ አንስቼ ወደ ደብተሬ ገለበጥኩት።

61 ጎጥ ነበረኝ። በግጦሽ ሲዋሃድ 44 ሆነ። ከእነሱ 17ቱ ረግረግ አላቸው። የግልገሉ ብዛት ደግሞ በጣም ይለያያል፤ አንዱ ጋ 40፣ አንዱ ጋ ከ100 በላይ። 24 ለ24 አይሞላልኝም። ልዩነቱን ከ30 ወደ 18 ባደርገውስ? ያኔ ጥቂት ይበቃል አይደል?

ስሌት ከደብረ ብርሃን

ያኔ ጥቂት ይበቃል፤ ግን እንዳታደርጊው። 20ን ስትመርጪ ምክንያት ነበረሽ፤ ገበሬው ከአሥር አንድ ግልገል ቢተርፍለት ልፋቱ ይገባዋል ብለሽ ነው። ያ ካልተለወጠ ቁጥሩም አይለወጥ። ቁጥሩን ለጎጡ ብዛት ብለሽ ካስተካከልሽው ለራስሽም አይዋጥልሽም።

ይልቅ መለያየቱን እናስተካክል። ከየሜዳው የተገኘውን ሁሉ ብትወስጂ፣ ብዛታቸው ስለሚለያይ ፓወር ይበላል። የመለያየቱ መጠን ከአማካዩ ግማሽ ያህል ቢሆን፣ አማካዩ 30 ሆኖ ዲዛይን ኢፌክቱ ከ2.45 ወደ 2.83 ያድጋል። በ22 ለ22 ሜዳ ፓወርሽ 71 በመቶ ነው። አማካዩን 50 ብታደርጊው 77 ይደርሳል። ግን ከሁሉም እኩል 30 በዕጣ ብትወስጂም 77 ነው! በ880 ግልገል ያነሰ ልፋት፣ ያው ውጤት። ትንሹ ሜዳሽ 40 ካለው 34 መመዝገብ ይቻላል፤ ተመስገን ነው። ከአንድ ቤት ግን ብዙ አትውሰጂ። የአንድ ቤት ግልገሎች ደግሞ ይበልጥ ይመሳሰላሉ። ከመንትያም አንዱን።

ከዚያ በየቡድኑ 24 ላይ አንድ ጨምሪ። ክላስተር ጥቂት ሲሆን ቀመሩ ትንሽ ይዋሻል፤ ለእሱ ማካካሻ ነው። 25 ለ25፣ በድምሩ 50 ሜዳ። የጎደለሽ ስድስት ነው። ጎረቤት ወረዳ የሚሠራ ጓደኛ የለሽም?

የመሐል ሜዳዋ

አለኝ! መንዝ ማማ ላይ የምትሠራ የክፍል ጓደኛዬ ናት። ትናንት ደወልኩላት። ሞላሌ ዙሪያ ስድስት ሜዳ ታገኝልኛለች፤ እሷም እረኞቹን ጠይቃ ነው የምትለየው። ሁለቱ ረግረግ ሳይሆኑ አይቀሩም ብላለች።

ስለዚህ 50 ሜዳ፣ ከየሜዳው 34፣ በድምሩ 1,700 ግልገል ይመዘገባል። ለሞተር ሳይክሉ ነዳጅ ያስያዝኩት በጀት አይበቃም። ስለዚህ በየሜዳው አንድ አንብቦ መጻፍ የሚችል ወጣት መዝጋቢ ልይዝ ነው፤ እኔ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ እየዞርኩ አያለሁ። ፕሮፖዛሉ ላይ 0.02፣ 0.05 እና 0.1ን ጎን ለጎን አስገብቻለሁ። የእረኛውን ሥዕልም አስተካክዬ አባሪ አድርጌዋለሁ።

ጋሼ፣ አንድ የቀረኝ አለ። በደረቁ ወቅት ሁለት ሜዳዎች ውሃ የሚያጠጡት አንድ ምንጭ ላይ ነው። በጎቹ እዚያ የሚቆዩት ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ ሣሩም ተግጦ ያለቀ ነው። እነሱንም አንድ ላድርጋቸው ወይስ ይለያዩ?

የጓሳ ልጅ

ምንጩ ዙሪያ መሬቱ ረጥቦ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆይ ከሆነ አንድ አድርጊያቸው። በጉ ውሃ ከጠጣ በኋላ እዚያች እርጥብ ላይ ነው አፉን የሚያሳርፈው። ድንጋያማ ከሆነ ለያያቸው። ሄደሽ እዪውና ንገሪኝ፤ የትኛው ምንጭ እንደሆነ ስሙን ብትጽፊልኝ ምናልባት አውቀዋለሁ።